«መታሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም

ድሬዳዋ ውስጥ ባልና ሚስት ማስታረቅ ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማንም አልሾመኝም። ጡረታ የወጣሁ የሸመንደፈር፣ የምድር ባቡሩ፣ ሠራተኛ ነኝ። የእድር ጸሐፊ ነበርኩ፣ ቶሎ አልቆጣም፣ ወሬ አላወጣም። ስለዚህ ይጠሩኛል። አንዳንዴ ከቄስ፣ አንዳንዴ ከሼኽ፣ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ጋር እቀመጣለሁ። ድሬ እንዲህ ናት፤ ባል ኦሮሞ፣ ሚስት ጉራጌ፣ አማት ሶማሌ ይሆኑና ጠቡ በአማርኛ ይዳኛል።

በአብዛኞቹ ዓመታት ጥያቄዬ አንድ ነበር። «መታሽ ወይ?» አዎ ካለች «ደማሽ?» እላለሁ። አልደማሁም ካለች ቀለል ይለኛል። ቡና ይፈላል፣ ባል ጉልበታችንን ይስማል፣ መርቀን እንወጣለን።

አንድ ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። ወሩ ሰኔ ነው። የድሬን ሰኔ የኖረበት ያውቀዋል፤ ግድግዳው ራሱ ይተኩሳል። ሳቢያን አካባቢ ተጠርተን ሄድን። ልጅቷ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። አንገቷ ላይ ወፍራም ሻርፕ ጠምጥማለች። በዚያ ሙቀት! አየሁት፣ ማየቱንስ አየሁት። ወባ ይዟት ብርድ ብርድ ብሏት ይሆናል ብዬ አለፍኩ። «መታሽ ወይ?» አልኳት። ቀና ብላ ባሏን አየችና «አይ፣ አልመታኝም» አለች። ድምፅዋ ጎርነን ብሏል። ጉንፋን መሰለኝ። አስታረቅናቸው።

ባለቤቴ አብራኝ ነበረች። ጓሮ እጅ ስታስታጥባት ሻርፑ ተንሸራተተ። በአንገቷ አንድ ጎን የአራት ጣት ምልክት፣ በሌላው የአውራ ጣት። ማታ ቤት ስንገባ ነገረችኝ። «አንተ ሳሎን ቁጭ ብለህ ትመርቃለህ፤ ልጅቷ ታንቃ ነበር።»

ልጅቷ አልዋሸችኝም። አልመታትም፤ አነቃት። እኔ የጠየቅኳት ስለ ዱላ ነበር።

ጋራዥ ስንሠራ የፉርጎ ጎማ የምንመረምረው በመዶሻ መታ መታ አድርገን ነበር። ጤነኛው ይጮሃል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ስንጥቁ ለዓይን ባይታይም እናውቀው ነበር። ይህን ሙያ እየበላሁበት ኖሬ፣ ሰው ቤት ስገባ ግን ደም ብቻ ስፈልግ ኖርኩ።

ከዚያ ወዲህ አጠያየቄን ቀየርኩ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ላሉ አስታራቂዎች፣ ለጎረቤት፣ ለሚዜ፣ ለአማትም ነው። ሰዎቹ እንዳይለዩ ታሪኮቹን ነካ ነካ አድርጌያቸዋለሁ።

መጀመሪያ ለየብቻ

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «በሉ ችግራችሁን ተናገሩ» ማለት የእኛ የሽማግሌዎች ትልቁ ጥፋት ነው። የምትፈራው ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ምን ትበል? «ትንሽ ተጋጭተን ነው» ትላለች። ለየብቻ አናግሯቸው። እሷን የምታናግረው ሴት ብትሆን ይሻላል። አማት ከጓዳ የማትሰማበት ቦታ ይሁን። ስልኳም ከክፍሉ ውጪ ይቀመጥ፤ ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

ከመለየታችሁ በፊት ግን አብረው ሳሉ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። የሚጨቃጨቁ ባልና ሚስት ሁለቱም ይናገራሉ። አንዱ የሌላውን አፍ ይነጥቃል፣ ይጯጯሃሉ፣ አንዳንዴ መሃል ላይ ይስቃሉ። እሱ ጭቅጭቅ ነው፤ እኔም ቤት አለ። ሌላኛው ቤት ግን ፀጥ ያለ ነው። ጥያቄው ለእሷ ሆኖ ሳለ መጀመሪያ የእሱን ፊት ታነባለች። «ስንት ልጅ አላችሁ?» ለሚለው እንኳ ፊቱን አይታ የመለሰች ሴት አጋጥማኛለች።

ልጆችንም እዩ። አንድ ቤት ሦስት ልጆች ቴሌቪዥን እያዩ ነበር። ውጪ ባጃጅ ቆመ። ትልቁ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ትንሿ በር ላይ ያሉትን ጫማዎች መስመር አስያዘች። መሃለኛው ጓዳ ገባ። አንድም ቃል የተናገረ የለም። የመጣው ጎረቤት ነበር። ድምፁን ሲሰሙ ቴሌቪዥኑ ተመልሶ ተከፈተ። የነዚህ ልጆች አባት «እጄን አንስቼባት አላውቅም» ብሎ ሊምል ተነስቶ ነበር። እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። እጁን አያነሳም፤ ሳህን ይሰብራል፣ በር በእርግጫ ይመታል፣ ሌሊት ሁሉንም ቀስቅሶ መስመር አስይዞ ያቆማቸዋል።

አንገትሽን ይዞሽ ያውቃል?

ልጄ ነርስ ናት። የሻርፗን ነገር ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። ማነቅን ከጥፊ ጋር እንዳትቆጥረው አለችኝ። ብዙ ጊዜ ከውጪ ምልክት አይተውም። የድምፅ መጎርነን፣ ምራቅ ሲዋጥ ማመም፣ ዓይን ነጩ ላይ ደቃቅ ቀይ ነጠብጣብ፣ ራስን ስቶ መውደቅ፣ ሽንት ማምለጥ። ከነዚህ አንዱ ካለ ሽምግልናው ይቅርና ቀጥታ ሆስፒታል ነው። የአንገት ደም ስር ከውስጥ ተጎድቶ ከቀናት በኋላ ሊገድል ይችላል። አንዴ ያነቀ ሰው ደግሞ ሌላ ቀን የመግደሉ ነገር በጣም ያሰጋል። ስለዚህ አሁን «አንገትሽን ይዞሽ ያውቃል?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ማለቴ ባለቤቴ ትጠይቃለች።

ዱላ የሌለበት ሌላም አለ። ፀጉር መጎተት። ገፍትሮ ከበር ጋር ማጋጨት። ሌሊት ከቤት አውጥቶ መቆለፍ። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒቷን መደበቅ። እርጉዝ ሆና ሐኪም ቤት እንዳትሄድ መከልከል። ፊቷ ላይ ብቻ አትፈልጉ። ብልጡ ልብስ የሚሸፍነውን ቦታ ይመርጣል። ቦታ መርጦ የሚመታ ሰው ደግሞ «ራሴን ስቼ ነው» ሊለን አይችልም።

«የጫት ሐራራ ይዞት ነው» የሚባለውም እንደዚሁ። እኔም እቅማለሁ፣ አልዋሽም። ከምሳ በኋላ ከተማው ሲዘጋጋ ፍራሼ ላይ ነኝ። ሐራራ ያነጫንጫል። ግን ይህ ሰው በሐራራው ሰዓት አለቃውን በጥፊ ብሎ ያውቃል? ትራፊክ ፖሊሱንስ? እቤት እስኪደርስ ከታገሰ ሐራራው አድራሻ ያውቃል ማለት ነው። አረቄውም ያው ነው።

ገንዘቡ ማን ጋ ነው?

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው፤ ሽማግሌ ገንዘብን ከጥቃት አይቆጥረውማ። «ቤት ውስጥ ያለ ነገር ነው» ብለን እናልፋለን።

ቀፊራ ገበያ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ነበረች። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ትወጣለች። ማታ ስትመለስ ባሏ በር ላይ ይጠብቃታል። መቀነቷን ትፈታለች፣ እሱ ብሩን ይቆጥራል። ለነገ ዕቃ መግዣ ቆርጦ ይሰጣታል፤ ሁልጊዜ ትንሽ ቀንሶ። የጎደለውን ከጎረቤት ትበደራለች። እቁቡ በስሟ ነው፤ ዕጣው ሲደርስ ሄዶ የሚቀበለው እሱ ነው። «ለልጄ ፓናዶል ለመግዛት አስፈቅዳለሁ» አለች። ባል ፊታችን ቁጭ ብሎ «ምን አጎደልኩባት?» ይላል። እኛም ፍሪጁንና ሶፋውን አይተን «እውነትም» ብለናል። ፍሪጁ በማን ቲማቲም እንደተገዛ የጠየቀ አልነበረም።

ቢሮ የምትሠራዋም አታመልጥም። የኤቲኤም ካርዷ እሱ ኪስ ነው። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥሯን ያውቃል። የሰርጓ ወርቅ «ለጊዜው» ተሸጧል። በስሟ ብድር ተወስዶ ዕዳውን የምትከፍለው እሷ ናት። ሥራ እንዳትሠራ የሚከለክልም አለ። በእኔ ዓይን ያየሁት ግን በብዛት ሌላ ነው፤ ሠርተው የሠሩበትን የማያዩት።

ስለዚህ «ይሰጥሻል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ወሩ እንዴት እንደሚያልቅ አስተርኳት። ደሞዝ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ማን ነው? መቶ ብር ሳትናገሪ ብታወጪ ምን ይመጣል? በዚች በመጨረሻዋ ላይ ዝም ካለች ዝምታዋን መልስ ብላችሁ ያዙት።

ሕጉንም ብታውቁት አይከፋም። ድሬዳዋ የምትዳኘው በ1992 በወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ፈቅደው ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚሄዱት ሳይቆጠሩ። በዚህ ሕግ በትዳር ውስጥ ሁለቱም ሠርተው ያገኙት የጋራ ነው። ንብረቱ በአንዳቸው ስም ቢመዘገብ እንኳ የግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የሚንቀሳቀስ የጋራ ዕቃም እንደዚያው። 500 ብር ዛሬ ምን ይገዛል ብላችሁ አትሳቁ፤ እንዲህ በማነሱ ነው የሚጠቅማት። የሰርግ ወርቋ የግሏ ከሆነማ ጭራሽ አይነካውም። «ቤቱ በስሜ ነው፣ ውጪልኝ» የሚል ባል ፊት ይህን ማወቅ ጥሩ ነው።

ጅቡቲ ሆኖ ቤት የሚጠብቅ

ከድሬ ወንዶች ብዙው ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው፤ ሹፌር፣ ረዳት፣ ነጋዴ። አንዱ ሁልጊዜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ «ኢሞ ክፈቺ» ይላል። ትከፍታለች። «ሳሎኑን አሳዪኝ። መኝታ ቤቱን። አልጋው ስር። በር ላይ ያሉትን ጫማዎች።» ሳትከፍት የቀረች ዕለት እናቱ ጋ ይደወላል። እናት ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣለች። ባል የቱንም ያህል ርቆ ቢሄድ ልጅቷ ገበያ ለመሄድ ሁለት ሰው ታስፈቅዳለች። እኔ ስጠይቃት «ስለሚወደኝ ነው» አለችኝ። ሽምግልናው ቀን ስልኳ መሬት ላይ ተደፍቶ ነበር። ስናነሳው መስመሩ ክፍት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያዳምጠን ቆይቷል። ስልኩ ውጪ ይቀመጥ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

መነጠል የሚባለውም ቀስ ብሎ ነው የሚገባ። መጀመሪያ እህቷ መምጣት ታቆማለች፤ «አፏ አያምርም» ተብሎ። ቀጥሎ ማኅበሩ ይቀራል። ቀጥሎ የእናቷ ቤት። ባለቤቴ የምትጠይቃት ጥያቄ አላት፤ «ካገባሽ ወዲህ ማንን አጣሽ?» ብዙዎቹ የሚያለቅሱት እዚህ ላይ ነው።

ስድብና ዛቻ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። «እብድ ነሽ»፣ «ማን ያገባሻል»፣ «ልጆቹን ወስጄ አታዪያቸውም»። አንድ ነገር ግን ለዩ። ዛቻው መሣሪያና ሰዓት ካለው፣ ለምሳሌ «ተኝተሽ ቤንዚን አርከፈክፍብሻለሁ» ካለ፣ እሱ ንዴት ነው ብላችሁ አትለፉት። ማስፈራራት በወንጀል ሕጉ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ሽማግሌ የሚያፍርበት

የአልጋውን ነገር እኔ አልጠይቅም። እውነት ለመናገር አፍ የለኝም። ባለቤቴ ግን ትጠይቃለች፤ «እንቢ ማለት ትችያለሽ? ብትዪ ምን ይሆናል?» ታማ፣ ወልዳ፣ ተኝታ የምትገደድ አለች። የወሊድ መከላከያዋን የሚጥልባት አለ። ወንጀል ሕጉ አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም «ከጋብቻ ውጪ» ብሎ ስለጀመረ ሚስት በዚያ አንቀጽ ለመክሰስ ትቸገራለች። የደረሰባት የአካል ጉዳት ግን በአካል ጉዳትነቱ ያስጠይቃል። ማንም ይድፈራት ማን፣ ሐኪም ቤት በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰች ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒትና የድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ አለ። ከዚያ ካለፈ የኤችአይቪው መድኃኒት አይሰጥም። ስለዚህ «እሑድ እንሰበሰባለን» የሚባል ነገር የለም።

«የኔም ጥፋት አለበት» ትላለች፤ ይህን ጠብቁ። ልጄ በ2008 ዓ.ም. የተደረገውን የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ አሳየችኝ። አግብተው ከሚያውቁ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 34 ከመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። ይህ አልገረመኝም። የገረመኝ ሌላው ነው። ወጥ ካሳረረች፣ ሳትናገር ከወጣች፣ ልጆቹን ችላ ካለች፣ ከተከራከረች ወይም አልጋ ከከለከለች፣ ቢያንስ በአንዱ ባል ቢመታ ልክ ነው ያሉት ሴቶች 63 ከመቶ ናቸው። ወንዶቹ 28። እንዲያ ያስተማርናቸው እኛው ሳንሆን አንቀርም። «ችለሽ ኑሪ» ስንት ጊዜ እንዳልኩ እኔ አውቃለሁ።

ሚስት ብቻ አይደለችም። የቤት ሠራተኛዋን እዩ፤ ደሞዟ ተይዞ፣ መታወቂያዋ ተቆልፎ የምትኖር አለች። ጡረታውን ልጁ የሚቀበልበት አባት አለ። በሚስቱ የሚመታ ባልም አለ፤ ስቀን እንሸኘዋለን። ጥያቄው ለሁሉም ያው ነው።

ካወቃችሁ በኋላ

የሰማችሁትን ለባል አትንገሩ። እኔ ነግሬያለሁ። «እንዲህ ብላለች፣ እውነት ነው?» አልኩት፤ ፍትሐዊ መሆኔ ነበር። የዚያን ሌሊት የከፈለችው እሷ ናት። ልትወጣ ስትል ያለው ጊዜ ከሁሉም የከፋ ስለሆነ ዕቅዷ ከባለቤቴና ከእሷ አይወጣም። የመታወቂያ፣ የጋብቻ ወረቀትና የልጆች የልደት ሰርተፍኬት ኮፒ፣ ለባጃጅ የሚሆን ብር፣ አንድ ቅያሪ ልብስ። ፌስታሉ ጎረቤት ቤት ይቀመጣል።

ማነቅ፣ መሣሪያ፣ የመግደል ዛቻ ወይም እርግዝና ካለበት እኔ አሁን አላስታርቅም። ሐኪም ቤት ሄዳ ትታያለች፣ ማስረጃዋን ትይዛለች፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። ብቻዋን አትሂድ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛም ሆነ ሳይጋቡ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት በአካል ጉዳት አንቀጾቹ እንደሚያስቀጣ ይላል። «ሚስቱ ናት» የሚል መከላከያ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ለሽማግሌዎች። ቀላል የሚባለው የአካል ጉዳት የሚያስከስሰው በተጎጂዋ አቤቱታ ነው። አቤቱታው በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። አሁን የእኛን ቀጠሮ ቁጠሩት። ለሁዳዴ ብለን፣ ለረመዳን ብለን፣ ባል ከጅቡቲ እስኪመለስ ብለን፣ አጎቱ ከሐረር እስኪመጣ ብለን። ስንት መብት በእኛ ቡና ላይ ቀዝቅዞ እንደቀረ ሳስብ ያመኛል።

ያቺን የሻርፗን ልጅ ከእርቁ በኋላ ሁለት ጊዜ ደግሟታል። በሁለተኛው ባለቤቴ ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ እኔ አልተጠራሁም። አሁን ታይዋን ገበያ፣ እዚሁ ድሬ፣ ልብስ ትሸጣለች። ባለቤቴ ስትሄድ ተነስታ ትስማታለች፣ በርጩማ ታቀርብላታለች፣ ሻይ ታዝዝላታለች። እኔን ሰላም አትለኝም። እነሱ ሲጫወቱ እኔ ፀሐዩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።